የዶሮ መኖ፣ ቪታሚንና አንቲባዮቲክ፦ ጫጩቶቹን ያሳደገው ምን ነበር?

በኦክላንድ፣ በበርክሌና በሳን ሆዜ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን በዓል በመጣ ቁጥር የሚያነሡት አንድ ክርክር አለ። ከሱቅ የሚገዛው ዶሮ ገና ሽንኩርቱ በቅጡ ሳይቁላላ ሥጋው ከአጥንቱ ይላቀቃል፤ ወጡ ውስጥ ሲገባ ይፈርሳል። በስድስትና በሰባት ሳምንት ዕድሜው ለገበያ የደረሰ ዶሮ እንዲህ የሚገዝፈው በምን ምክንያት ነው? አንዳንዱ “ሆርሞን ነው” ይላል፤ ሌላው ደግሞ “መኖው ውስጥ በሚጨምሩት መድኃኒት ነው” ይላል።

ስለ ሆርሞኑ መልሱ አጭር ነው። የአሜሪካ ፌዴራል ደንብ ለዶሮ ሆርሞን መስጠትን አይፈቅድም። በዚህም የተነሣ “ሆርሞን ያልተሰጠው” የሚል ጽሑፍ በዶሮ ማሸጊያ ላይ የሚያትም ድርጅት፣ ድርጊቱ ቀድሞውኑ በደንብ የተከለከለ መሆኑን ከሥሩ እንዲገልጽ ይገደዳል። የመድኃኒቱ ታሪክ ግን ረጅም ነው፤ በርክሌ ከሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ጋርም በሁለት ሰዎች አማካይነት ይገናኛል።

ከሁለቱ አንዱ ሮበርት ስቶክስታድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1913 በቻይና ተወልዶ፣ ከሳን ፍራንሲስኮ በስተሰሜን በምትገኘውና በእንቁላል ምርቷ በታወቀችው ፔታሉማ፣ በዶሮ እርባታ ላይ በተሰማራ ቤተሰብ ውስጥ አደገ። በ1930ዎቹ በበርክሌ ተማሪ ሳለ ከኸርማን አልምክዊስት ጋር አንድ እንግዳ በሽታ ያጠና ነበር። በዓሣ ዱቄት ላይ የተመሠረተ መኖ የሚበሉ ጫጩቶች ከቆዳቸው ሥር ደም እየፈሰሳቸው ይሞታሉ፤ አልፋልፋ ሲጨመርላቸው ግን ይድናሉ። ተመራማሪዎቹን የበለጠ ያስገረማቸው፣ የዓሣው ዱቄት ረጥቦ ሲበሰብስ በሽታውን መከላከል መቻሉ ነበር። ባክቴሪያዎቹ አንድ የጎደለ ነገር ይሠሩ ነበር ማለት ነው። ያ ነገር ዛሬ ቪታሚን ኬ የምንለው ነው። የበርክሌዎቹ ጽሑፍ በ1935 ሲታተም የዴንማርኩ ሄንሪክ ዳም በጥቂት ወራት ቀድሟቸው ነበርና፣ የ1943 የኖቤል ሽልማት ለዳምና ለአሜሪካዊው ኤድዋርድ ዶይዚ ተሰጠ።

ሁለተኛው ቶማስ ጁክስ ነው። በእንግሊዝ አገር ተወልዶ በካናዳ የተማረው ጁክስ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በዴቪስ የዶሮ አመጋገብ ሲያጠና ቆይቶ፣ በ1942 በኒው ዮርክ ግዛት ወደሚገኘው የሌደርሌ የመድኃኒት ቤተ ሙከራ ሄደ። ስቶክስታድም በዚያው ባልደረባው ሆነ።

በጊዜው የነበረው ችግር የገንዘብ ነበር። ለዶሮ መኖ የሚውለው የዓሣ ዱቄት ውድ ነው፤ በቆሎና አኩሪ አተር ርካሽ ናቸው። ዳሩ ግን በእህልና በአኩሪ አተር ብቻ የተመገቡ ጫጩቶች ይቀጭጫሉ፤ ከእንዲህ ዓይነት እናቶች የተገኘ እንቁላልም በደንብ አይፈለፈልም። ከእንስሳት ተዋጽኦ ብቻ የሚገኝ አንድ ያልታወቀ ነገር ጎድሎ ነበር። በ1948 በአሜሪካና በእንግሊዝ የሚገኙ ኩባንያዎች ይህንን ነገር ከጉበት አጣርተው አወጡት፤ ቪታሚን ቢ12 ተባለ። ብዙም ሳይቆይ አንዳንድ የአፈር ባክቴሪያዎች ይህንኑ ቪታሚን እንደሚሠሩ ታወቀ።

ሌደርሌ በዚያው ዓመት ኦሪዮማይሲን የተባለውን አዲስ አንቲባዮቲክ ለሕዝብ ያስተዋወቀ ድርጅት ነበር። መድኃኒቱ የሚገኘው በጋን በሚብላላ የባክቴሪያ ጥንስስ ነው። መድኃኒቱ ተጣርቶ ከወጣ በኋላ፣ ከጠላ እንደሚቀረው አተላ፣ ብዙ ዝቃጭ ይተርፋል። ጁክስ ቢ12 በዚህ አተላ ውስጥ ይገኝ እንደሆነ ለማወቅ ለጫጩቶች ቀላቅሎ ሰጠ። እ.ኤ.አ. በ1948 የፈረንጆች ገና ዕለት ጫጩቶቹን ሲመዝን፣ አተላውን የበሉት የጉበት ጭማቂ ከተሰጣቸው እንኳ ከብደው ተገኙ። ከቢ12 ሌላ የሚሠራ ነገር አለ ማለት ነው። እርሱም በአተላው ውስጥ የቀረው ጥቂት አንቲባዮቲክ ሆኖ ተገኘ።

ግኝቱ በ1950 ሲገለጽ የጋዜጦች የፊት ገጽ ዜና ሆነ። በቀጣዩ ዓመት የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አንቲባዮቲክ ያለ እንስሳት ሐኪም ትእዛዝ በመኖ እንዲቀላቀል ፈቀደ። ይጣል የነበረው አተላ ገንዘብ ሆነ፤ ልምዱም በጥቂት ዓመታት ውስጥ በዓለም ተሰራጨ።

አንቲባዮቲክ ጤነኛ ዶሮን ለምን ያሳድጋል? ሳይንቲስቶች እስከ ዛሬ ሙሉ በሙሉ አልተስማሙም። የተለመደው ማብራሪያ፣ መድኃኒቱ በአንጀት ውስጥ ከዶሮዋ ጋር ምግብ የሚሻሙትንና ሳያሳምሙ የሚያዳክሙ ባክቴሪያዎችን ይቀንሳል፤ የአንጀቷ ግድግዳ ስለሚሳሳም ምግቡ በቀላሉ ይሰርጻል የሚል ነው። እጅግ ጠቃሚ ፍንጭ የሰጠው በ1950ዎቹ መጀመሪያ በእንግሊዝ የተደረገ ሙከራ ነበር፦ ቀድሞ ዶሮ ባልገባበት አዲስና ንጹሕ ቤት ውስጥ ያደጉ ጫጩቶች መድኃኒት ቢጨመርላቸውም ይህ ነው የሚባል ልዩነት አላሳዩም። በሌላ አነጋገር፣ መድኃኒቱ በከፊል ይሠራ የነበረው የመጥረጊያን ሥራ ነው።

ዋጋው የታየው ዘግይቶ ነው። በቦስተን የሚሠራው ሐኪም ስቱዋርት ሌቪ በ1970ዎቹ በአንድ የቤተሰብ እርሻ ላይ ለነበሩ ዶሮዎች ኦሪዮማይሲን ከሚመደብበት ከቴትራሳይክሊን ወገን የሆነ መድኃኒት በመኖ እንዲሰጥ አደረገ። በጥቂት ቀናት ውስጥ በዶሮዎቹ አንጀት ያሉት ባክቴሪያዎች መድኃኒቱን ተለማመዱት። ወራት ሲያልፉ ግን መድኃኒቱን የተላመዱት ባክቴሪያዎች በእርሻው ነዋሪዎች ሰገራም ውስጥ በብዛት ተገኙ፤ ሰዎቹ መድኃኒቱን አልወሰዱም። ይባስ ብሎ ባክቴሪያዎቹ ዶሮዎቹ ቀምሰዋቸው የማያውቁ ሌሎች አንቲባዮቲኮችንም መቋቋም ጀመሩ። ጥናቱ በ1976 ታተመ።

በዚህ ጊዜ ጁክስም ስቶክስታድም ወደ በርክሌ ተመልሰው ነበር፤ ሁለቱም በ1963 በዚያ ማስተማር ጀመሩ። ስቶክስታድ በቪታሚኖች ምርምሩ ሲቀጥል፣ ጁክስ በመኖ የሚሰጠውን አንቲባዮቲክ በጽሑፍም በክርክርም ሲከላከል ኖሮ በ1999 አረፈ። ዓላማው ርካሽ ሥጋ ለብዙኃኑ ማድረስ ነበር፤ በዚያ ረገድ ተሳክቶለታል ማለት ይቻላል። ስጋቱን አቃልሎ ማየቱ ግን ስሕተት ነበር።

ስጋቱ በገዛ ግዛቱም ታይቷል። በ2013 እና በ2014 በካሊፎርኒያ ከተመረተ የዶሮ ሥጋ ጋር የተያያዘ የሳልሞኔላ ወረርሽኝ 634 ሰዎችን አሳመመ፤ ከባክቴሪያዎቹ ብዙዎቹ ከአንድ በላይ አንቲባዮቲክን የሚቋቋሙ ነበሩ። የአውሮፓ ኅብረት ለዕድገት ተብሎ አንቲባዮቲክ መስጠትን ከ2006 መጀመሪያ አንሥቶ አግዷል። በአሜሪካ ለሰው ሕክምና የሚያስፈልጉትን ለዕድገት ማዋል የቀረው በ2017 ነው፤ ከ2018 ጀምሮ ደግሞ የካሊፎርኒያ ሕግ በሽታ ሳይኖር በዘልማድ ለመከላከያ መስጠትንም ከልክሏል።

ታዲያ እነዚህ መድኃኒቶች ቀርተው እንኳ ዶሮው ለምን ግዙፍ ሆነ? ዋናው ምክንያት የዘር ምርጫ ነው። የካናዳው የአልበርታ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ1957 የነበረውን የዶሮ ዝርያና የ2005ን ዝርያ አንድ ዓይነት መኖ እየሰጡ አሳደጉ። በ56ኛው ቀን የመጀመሪያው በአማካይ 905 ግራም፣ ሁለተኛው 4 ሺህ 202 ግራም መዘነ።

ቪታሚንስ? ቪታሚን ከአንቲባዮቲክ ጋር ፈጽሞ የተለየ ነገር ነው፤ ጉድለትን ይሞላል እንጂ ከልክ በላይ አያሳድግም። በገጠር ደጅ ለደጅ የምትጭር ዶሮ ትልና ነፍሳት፣ ቅጠልና ፀሐይ ታገኛለች። በቤት የተዘጋባት ግን በመኖዋ የሌለውን ከየትም አታመጣም። ቪታሚን ዲ ሲጎድላት እግሯ ይጎብጣል፤ ሪቦፍላቪን ሲጎድላት የእግር ጣቶቿ ወደ ውስጥ ይታጠፋሉ። ስለዚህ በፋብሪካ መኖ ውስጥ ቪታሚን መጨመሩ የሚያስወቅስ ነገር የለበትም።

ግራ የሚያጋባው ሁለቱ በአንድ ከረጢት ሲቀርቡ ነው። በኢትዮጵያም ሆነ በሌሎች አገሮች ኦክሲቴትራሳይክሊን ከቪታሚን ጋር የተቀላቀለበት ዱቄት ይሸጣል፤ አርቢውም “ቪታሚን” ብሎ ጤነኛ ለሆኑ ዶሮዎች በውኃ በጥብጦ ይሰጣል። ይህ ያው የ1950ዎቹ አሠራር ነው። በቢሾፍቱም ሆነ በባሕር ዳር ዙሪያ ዶሮ የሚያረባ ሰው በማሸጊያው ላይ በ“ሳይክሊን” ወይም በ“ማይሲን” የሚያልቅ ስም ካየ፣ የያዘው አንቲባዮቲክ ሊሆን ይችላልና የእንስሳት ሐኪም ሳይጠይቅ ባይሰጥ ይበጀዋል። ለታመመ ዶሮ በሐኪም ትእዛዝ ሲሰጥም፣ መድኃኒቱ ከሰውነት እስኪወጣ በማሸጊያው የተጻፈው ቀን እስኪያልፍ ሥጋውም እንቁላሉም ለምግብ አይውልም። ሥጋን በደንብ ማብሰል ባክቴሪያውን ይገድላል፤ የመድኃኒቱን ቅሪት ግን ሙሉ በሙሉ ላያጠፋው ይችላል።

በአሜሪካ ለሚገዛ ሰው ደግሞ ሁለት የሚመሳሰሉ ጽሑፎችን መለየት ያሻል። “ምንጊዜም አንቲባዮቲክ ያልተሰጠው” የሚለው ከጫጩትነት ጀምሮ ምንም እንዳልተሰጠ ያመለክታል። “ለሰው ሕክምና አስፈላጊ የሆነ አንቲባዮቲክ ያልተሰጠው” የሚለው ግን ለሰው የማይታዘዙ፣ በተለይ ለኮክሲዲዮሲስ የሚሰጡ ሌሎች መድኃኒቶች ሊኖሩ እንደሚችሉ ይነግራል። ሁለቱም ቢሆኑ ስለ ጣዕሙ የሚሉት ነገር የለም። ወጥ ውስጥ የሚፈርሰው ዶሮ የሚፈርሰው በመድኃኒት ሳይሆን በልጅነቱ ነው። ለዶሮ ወጥ የሚስማማ ጠንካራ ሥጋ የሚፈልግ፣ እንቁላል መጣል ያቆመች አሮጊት ዶሮ ይፈልግ፤ የቁም ዶሮ የሚሸጡ ሰዎች ጋር ብዙ ጊዜ ትገኛለች፣ ዋጋዋም ብዙ አይከብድም፤ እሳት ላይ ግን ሰዓታት ትፈልጋለች።