የመስቀል ወፍ የት ትከርማለች?

በአንድ የመስከረም ጠዋት ስለ ድምፅ ሞገድ እያስተማርን ሳለ፣ ከመማሪያ ክፍሉ መስኮት ውጪ ካለው ቁጥቋጦ አንድ ወፍ ያለማቋረጥ ይዘምር ነበር። የሞገድ ርዝመትን ቀመር በሰሌዳው ላይ ጽፈን ዘወር ስንል፣ ከኋላ የተቀመጠች ተማሪ እጇን አንሥታ፣ «መምህር፣ ይህ የሚዘምረው ወፍ ምንድን ነው?» ስትል ጠየቀችን። ክፍሉ ሳቀ። እኛ ግን መልሱን ስለማናውቅ አልሳቅንም። ለትምህርት በአውሮፓ በቆየንባቸው ዓመታት፣ በዚያው አገር ጸደይ ጎሕ ሳይቀድ ከጣራ ላይ የሚዘምረውን ጥቁር ወፍ በስሙም በዜማውም ለይተን እናውቀው ነበር። በተወለድንበት አገር ግን ከልጅነታችን ጀምሮ ሲቀሰቅሰን የኖረውን ወፍ ስሙን መጥራት አቃተን። ይህ ጽሑፍ ያን ዕለት ላልመለስነው ጥያቄ የቀረበ የዘገየ መልስ ነው።

በቅድሚያ ስለ ወቅቱ ጥቂት እንበል። ብዙዎቻችን መስከረምን «ጸደይ» ማለት ለምደናል፤ በአገራችን የወቅቶች አከፋፈል ግን ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 ያለው ጊዜ መፀው ሲሆን፣ ጸደይ የሚባለው ከመጋቢት 26 ጀምሮ ያለው ነው። ስሙ ምንም ይሁን ምን፣ በደጋው ለሚኖር ወፍ አድማጭ ከሁሉ የሚመቸው ክረምቱ የሚወጣበት ይህ ጊዜ ነው። ዝናቡ ሣሩን ዘር አስይዟል፤ ነፍሳቱን አራብቷል፤ ብዙ ወፎችም በጎጆና በጫጩት ተጠምደዋል። ይህ የሥነ ሕይወት ባልደረቦቻችን ድርሻ ነው። የፊዚክሱ ድርሻ ግን ከዚህ ባላነሰ ያስደንቃል።

ሰማዩ በጠራበት ሌሊት መሬት ሙቀቷን ወደ ላይ ትለቃለች፤ በዚህም ምክንያት ለመሬት የቀረበው አየር ከበላዩ ካለው አየር ይልቅ ይቀዘቅዛል። ድምፅ ደግሞ በሞቃት አየር ውስጥ ፈጥኖ ይጓዛል፤ ለእያንዳንዱ ዲግሪ ሴልሺየስ ፍጥነቱ በሰከንድ በ0.6 ሜትር ገደማ ይጨምራል። ስለዚህ ወደ ላይ የሚሄደው የሞገዱ ክፍል የታችኛውን ይቀድመዋል፤ ሞገዱም ጎብጦ ወደ መሬት ይመለሳል። ብርሃን በመስተዋት ውስጥ ሲያልፍ ከሚደርስበት ስብረት ጋር ዝምድና ያለው ክስተት ነው። በቀትር ወደ ሰማይ ተበትኖ ይጠፋ የነበረው ዜማ በማለዳ ርቆ ይሰማል። በክረምት የደመናው ብርድ ልብስ ይህን የሙቀት ልዩነት ያዳክመዋል፤ መስከረም አልፎ ሰማዩ ሲጠራ ይበረታል። እንግዲህ የጥቅምት ማለዳ ወፎች ቀርበው የሚዘምሩ ከመሰላችሁ፣ ጆሯችሁ ብቻውን አልተሳሳተም፤ አየሩም አግዟቸዋል።

የአዲስ አበባን ማለዳ የሚከፍተው ግን ዘማሪ አይደለም። ብዙዎች ጋጋኖ የሚሉት፣ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ከፍተኛ ቦታዎች ውጪ የማይገኘው ረጅም ምንቃር ያለው ወፍ፣ በጣራ ላይ እየጮኸ ሲያልፍ እንቅልፋሙ ሁሉ ይሰማዋል። ርግቦቹና ዋኖሶቹ ይከተላሉ። ከዚያ በኋላ ነው፣ ትዕግሥት ላለው ሰው፣ ከአጥሩ ቁጥቋጦ ውስጥ ያ ዘማሪ የሚጀምረው።

ስሙ የሩፔል ሮቢን ቻት ነው። ራሱ ጥቁር፣ ቅንድቡ ነጭ፣ ደረቱ ብርቱካንማ ሆኖ በጥላ ውስጥ መሬት ለመሬት የሚውል ዓይን አፋር ወፍ ነው። በስሙ ውስጥ ያለው ኤድዋርድ ሩፔል እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹ በአገራችን የተጓዘ ጀርመናዊ የተፈጥሮ ተመራማሪ ነበር። ወፉ የሚዘምረው በተለይ ሲነጋና ሲመሽ ሲሆን፣ የሌሎችን ወፎች ዜማ እየቀዳ ከራሱ ጋር ያዋሕዳል። እኛ ከአንድ ቦታ አምስት ወፍ የሰማን እየመሰለን ስንት ጊዜ ተታለናል!

ይህን ሁሉ የሚያደርገው ምን ዓይነት መሣሪያ ይዞ ነው? የሰው ድምፅ የሚመነጨው በማንቁርት፣ ማለትም በአየር ቧንቧው አናት ላይ ነው። የወፎች የድምፅ ብልት፣ ሲሪንክስ የሚባለው፣ ያለው ግን ከታች፣ ቧንቧው ወደ ሁለቱ ሳንባዎች በሚከፈልበት መገናኛ ላይ ነው። በዚህም የተነሣ ዘማሪ ወፎች ሁለት የድምፅ ምንጮች አሏቸው፤ አንዳንዶቹ በአንድ ትንፋሽ ሁለት የተለያዩ ድምፆችን በአንድ ጊዜ ያወጣሉ። የትናንሽ ወፎች ዜማ በአብዛኛው በ2,000 እና በ8,000 ሄርዝ መካከል ይገኛል። 4,000 ሄርዝ የሆነውን ብንወስድ፣ በሰሌዳው ላይ በጻፍነው ቀመር የሞገድ ርዝመቱ 8.5 ሴንቲሜትር ገደማ ነው። ተማሪዎች ይህን በስልካቸው ቀድተው፣ የድምፅን ድግግሞሽ በሥዕል በሚያሳዩ ነጻ ፕሮግራሞች አማካይነት ራሳቸው ሊለኩት ይችላሉ። ለቤተ ሙከራው የሚያስፈልገው ማለዳ መነሣት ብቻ ነው።

ከጆሮ ወደ ዓይን እንለፍ። በአበባ ላይ የሚያንዣብበውን፣ ስሙን ከተከዜ ወንዝ ያገኘውን የአበባ ማር ጠጪ ወፍ ያላየ የአዲስ አበባ ልጅ ይኖር ይሆን? በጥላ ሲቀመጥ ጥቁር ነው። ፀሐይ ስታገኘው ደረቱ ሐምራዊ፣ ራሱ መዳብ የተቀላቀለበት አረንጓዴ ሆኖ ይነድዳል። ያ ሐምራዊ ቀለም አይደለም። በላባው ውስጥ እጅግ ስስ ንብርብሮች አሉ፤ ከእያንዳንዱ ንብር የሚንጸባረቁት የብርሃን ሞገዶች ሲደራረቡ አንዳንዶቹ ይበረታታሉ፣ አንዳንዶቹ ይጠፋፋሉ። ኒውተን እ.ኤ.አ. በ1704 ባሳተመው «ኦፕቲክስ» የጣዎስን ላባ ቀለም ከስስ ንብር ጋር አያይዞታል፤ በሳሙና አረፋ ላይ የምናየውም የዚሁ ቤተሰብ ነው።

የመስቀል ወፍ ነገር ከዚህ ይለያል። በዓመት አንዴ ብቅ የሚልን ወዳጅ «የመስቀል ወፍ ሆንክ» ብለን እንወቅሰዋለን፤ ወፏ መስከረም ጠብታ መጥታ ትሄዳለች ብለን ስለምናምን ነው። ስሙ በየአካባቢው ለተለያዩ ወፎች ይሰጣል። በዝናቡ ወቅትና ማግሥት ቢጫና ጥቁር ለብሰው ወይም ከአካላቸው የሚረዝም ጅራት አብቅለው ዓይናችንን የሚስቡት ወንዶች ወፎች ግን ከየትም አልመጡም። የመራቢያው ጊዜ ሲያልፍ ጌጡን ያራግፉና ድንቢጥ የመሰለ ቡናማ ላባ ለብሰው ከመንጋው ጋር እህልና ሣር ዘር ሲለቅሙ ይከርማሉ። በጥርም በግንቦትም አጠገባችን ናቸው፤ ወቀሳው ለእነርሱ አይገባም ነበር።

ድምፃቸው ግን በእርግጥ ሊርቀን ይችላል። በኔዘርላንድስ ሌይደን ከተማ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ ጫጫታ በበዛበት ሰፈር የሚኖሩ ወፎች የዜማቸውን ዝቅተኛ ድምፅ ከፍ አድርገው ይዘምራሉ፤ የመኪና ድምፅ የታችኛውን ክልል ስለሚሸፍነው። እ.ኤ.አ. በ2020 ወረርሽኙ የሳን ፍራንሲስኮን መንገዶች ጸጥ ባሰኘ ጊዜ ደግሞ፣ የዚያች ከተማ ድንቢጦች ድምፃቸውን ቀንሰው ሳለ ከቀድሞው ርቆ ይሰማላቸው ነበር።

ከዚህ የሚቀርበውን ምሳሌ ከራሳችን ግቢ እንጥቀስ። ከሦስት ዓመት በፊት የቁጥቋጦ አጥራችንን ነቅለን በብሎኬት ግንብ ተካነው። ለጸጥታ ይበጃል ብለን ነበር፤ ጸጥታውንም ከፈለግነው በላይ አገኘን። ከመኝታ ቤታችን መስኮት 5 ሜትር ርቆ ይዘምር የነበረው ሮቢን ቻት ወደ ጎረቤት ግቢ፣ ወደ 40 ሜትር ግድም ተሻገረ። ርቀት በእጥፍ ባደገ ቁጥር ድምፅ በ6 ዴሲቤል ይቀንሳል፤ ከ5 እስከ 40 ሦስት እጥፍ ነውና 18 ዴሲቤል ማለት ነው። ወደ ጆሯችን የሚደርሰው የድምፅ ኃይል ግንቡ የሚጋርደውን ሳንቈጥር የቀድሞው 64ኛ ሆኗል። አንድ ሰዓት ላይ ታክሲዎቹ ጡሩምባ ሲጀምሩ ይህም ይሰወራል።

ባለፈው ሐምሌ በግንቡ ሥር ራስ ክምር ተክለናል። በጥቅምት ብርቱካንማ አበባው ሲፈነዳ የተከዜው ወፍ በሁለተኛው ቀን መጣ። ሮቢን ቻቱ ግን እስካሁን የሚዘምረው ከጎረቤት ነው።