ገረጋንቲው ሄደ፣ ጉድጓዱ ቀረ

ከአዲስ አበባ በዱከምና በቢሾፍቱ አድርጎ ወደ ሞጆ የሚጓዝ ሰው ጎናቸው የተገመሰ ቀያይ ኮረብታዎች ያያል። እሳተ ገሞራ የተፋቸው ክምሮች ናቸው፤ ዛሬ ለመንገድ ሙሌትና ለብሎኬት እየተጫኑ ያልቃሉ። ስለ ትልልቆቹ ካባዎች ብዙ ተብሏል። እኔ የማነሣው ትንሹን ነው፤ ጥቂት ወጣቶች ተደራጅተው፣ ወይም አንድ ተቋራጭ ለአንድ በጋ ብሎ፣ ከገበሬ ማሳ ጥግ የሚከፍተውን የገረጋንቲ ማውጫ። ሥራው ሲያልቅ ሲኖትራኩ ይሄዳል፣ ጉድጓዱ ይቀራል። ክረምት ይሞላዋል። በየዓመቱ ዝናቡ ሲገባ ውሃ ካቆሩ ጉድጓዶች ልጆቻችሁን ጠብቁ የሚል ማስጠንቀቂያ የምንሰማው ስለዚህ ነው።

ገረጋንቲ ያታልላል። በደቃቅ አፈር የተያያዘ ጠጠር በበጋ እንደ ግድግዳ ቀጥ ብሎ አራትና አምስት ሜትር ይቆማል። ቆፋሪውም ይተማመንበታል። ነገር ግን ደረቅ ልቅ ጠጠር ሲከመር በራሱ የሚያርፈው ከ35 እስከ 40 ዲግሪ ገደማ ባለው ተዳፋት ላይ ነው። ከዚያ በላይ አቁሞ የያዘው ማያያዣው ብቻ ነው፤ ማያያዣውን ደግሞ ውሃ ያለሰልሰዋል። ከላይ መረሬ የተባለው ጥቁር አፈር ካለ ይብሳል። መረሬ በበጋ ይሰነጠቃል፣ የመጀመሪያው ዝናብም በስንጥቁ ሰተት ብሎ ይገባል። ከጉድጓዱ አፍ ጎን ለጎን የሚሄድ ስንጥቅ ከታየ ግድግዳው መላቀቅ ጀምሯል ማለት ነው፤ በዚያ ሰዓት ማንም ከሥሩ መገኘት የለበትም።

በአካፋና በዶማ የሚሠሩት ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከላይ ወደ ታች አይቆፍሩም። ሥሩን ቦርቡረው የላይኛው በራሱ እንዲወርድላቸው ይጠብቃሉ። ጉልበት ይቆጥባል፤ ሕይወት ግን ያስከፍላል። «አፈር ተደርምሶባቸው» ብሎ የሚጀምር ዜና ለማናችንም አዲስ አይደለም። ተዳፋት ከምን እንደተሠራ አይመርጥም፦ መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. አዲስ አበባ፣ ቆሼ ላይ የተናደው የቆሻሻ ክምር ነበር፤ ከ110 በላይ ሰዎች አለቁ። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. ጎፋ ውስጥ፣ በኬንቾ ሻቻ ጎዝዲ ቀበሌ፣ በመጀመሪያው ናዳ የተቀበሩትን ለማውጣት የሮጡት በሁለተኛው ተቀበሩ። ያ ካባ አልነበረም። አንድ ጊዜ የተንሸራተተ ተዳፋት ሥር መግባት ምን እንደሚያስከትል ግን ከዚህ በላይ የሚያስረዳ የለም።

ታዲያ መፍትሔው ጎኖቹን ማጋደል እንደሆነ የሚታወቅ ከሆነ ለምን አይሠራበትም? ሒሳቡን እንየው። 50 ሜትር በ40 ሜትር የሆነ ቦታ አለን እንበል። ግድግዳውን ቀጥ አድርገን 6 ሜትር ብንቆፍር 12,000 ሜትር ኩብ ይወጣል። ጎኖቹን «አንድ ለሁለት» ብናጋድላቸው፣ ማለትም በየአንድ ሜትር ጥልቀት ሁለት ሜትር ወደ ውስጥ ብንገባ፣ የጉድጓዱ ወለል 26 በ16 ይሆንና የምናወጣው ወደ 6,700 ይወርዳል። ወደ ግማሽ የሚጠጋው ገረጋንቲ መሬት ውስጥ ቀረ ማለት ነው። በጫነው ልክ የሚከፈለውን ሰው ይህን ተው ብሎ በምክር መመለስ አይቻልም።

ሒሳቡ ግን ሌላም ይነግረናል። በዚያው ተዳፋት 4 ሜትር ላይ ብናቆም ወደ 5,460 ሜትር ኩብ እናገኛለን። የመጨረሻዎቹ ሁለት ሜትሮች፣ አደገኛዎቹ፣ የጨመሩት 1,200 ብቻ ነው። ስለዚህ ቦታውን ሰፋ፣ ጥልቀቱን ቀነስ ማድረግ ያዋጣል። ይህ የሚወሰነው ግን ወሰኑ ሲለካ ነው። ጉድጓዱ ጎረቤት ማሳ ጫፍ ከደረሰ በኋላ የሚጋደል ጎን ከየት ይመጣል?

መልሶ ማልማቱም እንዲሁ ከመጀመሪያው ቀን ይጀምራል። በዚያው ቦታ ላይ 30 ሳንቲ ሜትር ለም አፈር ቢኖር 600 ሜትር ኩብ ነው። ቀድሞ ተገፎ፣ ከሌላው አፈር ሳይደባለቅ፣ መኪና በማይረግጠው ጥግ ዝቅ ብሎ ተከምሮ ሣር ሊዘራበት ይገባል። ከላይ የሚመጣው ጎርፍ በቦይ ይመለስ። ማውጣቱ ሲያልቅ ጎማ የጠቀጠቀው ወለል ይታረስ፤ ካልታረሰ ውሃ አይሰርግበትም፣ ሥር አይገባበትም። ከዚያ ለም አፈሩ ይመለስ፤ ተዳፋቱ ላይ የቬቲቨር ሣር በአግድም ይተከል። ከብት የሚያጠጣ ኩሬ እንዲሆን ከተፈለገም ቢያንስ አንዱ ጎን በጣም ለስላሳ መውረጃ ይኑረው፤ የገባ ልጅ ወይም ጥጃ እንዲወጣበት። እርከኑ በ2003 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበለት ኮንሶ ባለበት አገር ተዳፋትን መግራት ከውጭ የሚመጣ እውቀት አይደለም።

ሕጉም አለ። የማዕድን ሥራዎች አዋጅ ቁጥር 678/2002 ባለፈቃዱ በአካባቢ ላይ ለሚያደርሰው ጉዳት ማካካሻ በቂ ገንዘብ እንዲመድብ ያዛል። በእጅ የሚሠራው ባህላዊ አምራች ግን የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ ከማቅረብ ነፃ ነው። ይገባኛል፤ አካፋ ብቻ ያላቸው ወጣቶች አማካሪ ከየት ይቀጥራሉ? ይሁንና ጎን ለጎን የተከፈቱ ሃያ ትንንሽ ጉድጓዶች ባለቤት የሌለው አንድ ትልቅ ካባ ናቸው። በእኔ እምነት ንድፉን ወረዳው ራሱ በአንድ ገጽ ሠርቶ ይስጣቸው፤ ከእያንዳንዱ ጭነት ላይም ትንሽ ገንዘብ እየተቀነሰ ለመዝጊያው በዝግ ሒሳብ ይቀመጥ። ሥራው ካለቀ በኋላ ከተበተነ ማኅበር ገንዘብ የሰበሰበ የለም።

ፈቃድ የምትፈርሙ የወረዳ ባለሙያዎች፣ ማሳችሁን ለቁፋሮ የምትሰጡ ገበሬዎች፦ የመጀመሪያው መኪና ከመግባቱ በፊት የጉድጓዱን የመጨረሻ ቅርጽ የሚያሳየውን ወረቀት ጠይቁ። ወረቀቱ ከሌለ አትፈርሙ።