የባቄላ ማሳ ሲጠቁር ቅጠሉን ገልብጦ ማየት

በደጋው አገር የነሐሴ ወር ለባቄላ ክፉ ወር ነው። ዝናቡ ሳያባራ ይሰነብታል፤ ጉሙ ከረፋድ በፊት አይገለጥም፤ ሌሊቱ ይቀዘቅዛል፣ ቀኑም እምብዛም አይሞቅም። በዚህ መካከል ሳምንት ሙሉ ሳይታይ የሰነበተ ማሳ አንድ ቀን ጠዋት ጠቁሮ ይገኛል። ባለማሳው «ብርድ መታው» ወይም «ዐይን በላው» ይልና ከገበያ መድኃኒት ገዝቶ ይረጫል። የሚገዛው ግን ብዙውን ጊዜ ለክሽክሽና ለትል የሚሆነው ማላታይን ነው። ማሳውን ያጠቆረው ፈንገስ ከሆነ ማላታይን አንዳች አያደርገውም። ገንዘቡ ይባክናል፣ አበባው ላይ የሰፈረው ንብ ያልቃል፣ ባቄላውም መርገፉን አያቋርጥም።

ይህ ስሕተት የሚደርሰው ገበሬው ቸል በማለቱ አይደለም። ባቄላን የሚያጠቁት በሽታዎችና ተባዮች ከሩቅ ሲታዩ ስለሚመሳሰሉ ነው። ኢትዮጵያ በባቄላ ምርት ከቻይና ቀጥላ በዓለም ሁለተኛ ናት። ለደጋው ቤተሰብ ባቄላ ሽሮም፣ ክክም፣ ንፍሮም፣ በጾም ወራት ስልጆና እልበትም ነው። ከዚህም ሌላ ከአየር ናይትሮጂን ወስዶ ለመሬቱ ስለሚያስቀምጥ፣ በባቄላ መሬት ላይ በዓመቱ የሚዘራው ገብስ ወይም ስንዴ የተሻለ ቡቃያ ያወጣል። እንግዲህ የባቄላው መጥፋት ጉዳቱ ለአንድ ዓመት ብቻ አይደለም።

ምርመራው ከመንገድ ዳር ቆሞ የሚደረግ አይደለም። ማሳውን ከጥግ እስከ ጥግ አቋርጦ ቢያንስ በአምስት ቦታ ማጎንበስ ያስፈልጋል። ታች ያለውን ቅጠል ቀድሞ ማየት፣ ቅጠሉን ገልብጦ ሆዱን መመልከት፣ በጣት ማሸት፣ ለጋውን ጫፍ መፈተሽ፣ በመጨረሻም አንድ ሁለት ተክል ነቅሎ ሥሩን ማጠብ ነው። ይህን ሁሉ ለማድረግ ግማሽ ሰዓት ይበቃል፤ ለመርጨት ከሚወስደው ጊዜ በጣም ያነሰ ነው።

ከሁሉ በበለጠ የሚያጠቃው ቡናማ ነጠብጣብ ወይም ቸኮሌት ስፖት የሚባለው በሽታ ነው። አምጪው ቦትራይቲስ ፋቤ የተባለ ፈንገስ ነው። ሲጀምር በታችኛው ቅጠል ላይ ቀይ ቡናማ፣ ክብ፣ ከጤፍ ፍሬ እምብዛም የማይበልጡ ነጥቦች ይታያሉ። በዚህ ደረጃ ሲቆይ ብዙም አይጎዳም፤ ፀሐይ ከወጣና ነፋስ ከነፈሰ ነጥቦቹ ባሉበት ሊቆሙ ይችላሉ። ገበሬው የሚዘናጋውም እዚሁ ላይ ነው። እርጥበቱ ከቀጠለና የአየሩ ሙቀት ከ15 እስከ 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ከሰነበተ ነጥቦቹ ይሰፋሉ፣ እርስ በርሳቸው ይገናኛሉ፣ ቅጠሉ ጠቁሮ ይረግፋል፤ አበባውም ፍሬ ሳይቋጥር ይወድቃል። ከነጥብ ወደ ጥቁረት የሚያልፈው በጥቂት ቀናት ውስጥ ነው። «ማሳው በአንድ ሌሊት ጠቆረ» የሚባለውም ከዚህ የተነሣ ሲሆን በእርግጥ ግን ነጥቡ ከታች ሆኖ ብዙ ቀን ሰንብቷል። በአገራችን በተደረገ ጥናት በሽታውን መቋቋም የማይችል ዝርያ እስከ 61 በመቶ፣ በመጠኑ የሚቋቋመውም እስከ 34 በመቶ ያህል ምርት እንደሚያጣ ታውቋል።

ዋግም በነጠብጣብ ስለሚጀምር ከዚህ ጋር ይምታታል። መለያው ጣት ነው። የዋግ ነጥብ ከቅጠሉ ከፍ ብሎ ያበጠ፣ ብዙ ጊዜም ዙሪያው ፈዘዝ ያለ ነው፤ ሲያሹት እንደ ሸክላ ብናኝ ያለ ቀይ ቡናማ ዱቄት በጣት ላይ ይቀራል። ቡናማ ነጠብጣብን ቢያሹት ዱቄት የለውም። ዋግ በአብዛኛው የሚመጣው ዘግይቶ፣ አየሩ ሞቅ ሲል ነው። የነጥቡ መካከል አመድማ ሆኖ በላዩ እንደ መርፌ ጫፍ ያሉ ጥቃቅን ጥቁር ነጥቦች ከታዩበት ደግሞ አስኮካይታ የሚባል ሌላ በሽታ ነው። ይኸኛው ከዘር ጋር ስለሚተላለፍ ከዚያ ማሳ ለዘር መያዝ አይገባም።

በቀድሞ ዘመን የነበረ ገበሬ የማያውቀው አዲስ በሽታም አለ። በ2000ዎቹ ዓ.ም. በሰሜን ሸዋ ደጋ ታይቶ ወደ ሌሎች ባቄላ አብቃይ አካባቢዎች የተስፋፋው የባቄላ ቅጠል አሳባጭ በሽታ ነው። ቅጠሉ በአንድ ወገን ይሰረጎዳል፣ በሌላው ወገን አረንጓዴ እብጠት ያወጣል፤ ከዚያም ይቆረመዳል፣ እብጠቱም ቡናማ ሆኖ ይደርቃል። በመጀመሪያ አምጪው ኦልፒዲየም ነው ተብሎ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ ጥናት ግን ፊዞደርማ የተባለ ሌላ ሕዋስ መሆኑን አሳየ። ቅዝቃዜና ውሃ የተኛበት መሬት ይስማማዋል። በጠናበት ቦታ ገበሬው ማሳውን ለከብት እስከ መልቀቅ ደርሷል። እብጠቱን ላየ ሰው ከሌላ በሽታ ጋር አይምታታም፤ ችግሩ ቡናማ ሆኖ ከደረቀ በኋላ ሲታይ ነው፤ ያኔ ከቡናማ ነጠብጣብ ለመለየት ቅጠሉን በጣት ዳስሶ ጉብታውን መፈለግ ያሻል።

ቅጠሉ ላይ ነጥብም እብጠትም ሳይኖር ተክሉ ከታች ወደ ላይ እየጠወለገ ቆሞ ከደረቀ ነገሩ ከመሬት በታች ነው። ሲስቡት ያለ ችግር ይነቀላል፣ ሥሩም ጥቁርና የበሰበሰ ነው። ይህ ጥቁር ሥር አበስብስ በመረሬ መሬት ይበረታል፤ መድኃኒቱም ውሃ ማጠንፈፍ ነው። የእነዋሪ ገበሬዎች ሰፋፊ መደብ በእጃቸው እየሠሩ ውሃውን በቦይ ማስወጣትን የተለማመዱት ምሁራን መጥተው ሳያስተምሯቸው በፊት ነው። በ1970ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ በመረሬ መሬት ላይ የተጀመረው ምርምርም በበሬ የሚጎተት መደብ ማውጫ ለመሥራት ያነሣሣው ይኸው ልማድ ነበር።

ወደ ተባዮች ሲመጣ ክሽክሽ የሚገኘው በለጋው ጫፍ ላይ ተጠቅጥቆ፣ በመጀመሪያም በማሳው ዳርቻ ነው። ቅጠሉ ይጠቀለላል፣ በወለላው ይጣበቃል፣ በወለላውም ላይ ጥላሸት የሚመስል ሻጋታ ይበቅላል። ይህ ጥላሸት በእርጥብ ጨርቅ ሲጠርጉት ስለሚለቅ ከበሽታ ጥቁረት ይለያል። ጉንዳን በአገዳው ላይ ሲመላለስ ከታየ ክሽክሹ አለ ማለት ነው። ጠንካራ ዝናብ ያጥበዋል፤ ስለዚህ የሚበዛው ዝናቡ ሲቋረጥ ነው፤ ቡናማ ነጠብጣብ ደግሞ ዝናቡ ሲበረታ። ቀኑን ማስታወስ ብቻውን ግማሽ ምርመራ ነው። ጓይ ትል ቅጠልም ይበላል፣ ዋና ጥፋቱ ግን በእሸቱ ላይ ነው፤ ሽፋኑን በክብ በስቶ ግማሽ አካሉን አስገብቶ ፍሬውን ይበላል።

ለክሽክሽም ሆነ ለትል መርጨት የግድ ከሆነ ማታ፣ ንቡ ወደ ቀፎው ከገባ በኋላ መሆን አለበት። ባቄላ ፍሬ የሚቋጥረው በከፊል በንብ እርዳታ መሆኑ የሚዘነጋ ነገር አይደለም፤ የጎረቤት ቀፎም አለ።

ለፈንገሱ እንደ ማንኮዜብና ክሎሮታሎኒል ያሉት መድኃኒቶች ቅጠሉን ይከላከላሉ እንጂ የጠቆረውን መልሰው አያለመልሙም። ስለሆነም የሚረጨው ነጥቡ ከታች ቅጠል ላይ እንደታየ፣ መጠኑም በዕቃው ላይ እንደተጻፈው ነው። ማሳው ከጠቆረ በኋላ ገንዘቡን ለልጆች ደብተር ማዋል ይሻላል። ከመድኃኒቱ በፊት ግን ርካሹ ሥራ አለ። ይኸውም ባቄላን በያዝነው መሬት ላይ ከዓመት ዓመት አለመድገም፣ በ40 ሳንቲ ሜትር መስመር ዘርቶ አየር ማስገባት፣ አረሙን በጊዜ ማረም ነው።

ገለባው ላይ ግን ክርክር አለ። በሽታዎቹ በባቄላ ገለባ ውስጥ ስለሚከርሙ የእርሻ ባለሙያው «አቃጥሉት ወይም ቅበሩት» ይላል። ገበሬው በበኩሉ የባቄላ ገለባ ለበሬው በበጋ ያለው ዋና መኖ መሆኑን ያውቃል፤ አያቃጥለውም። እውነቱም ከገበሬው ጋር ነው። ሊሆን የሚችለው ገለባውን ከማሳው አንሥቶ በቤት ዙሪያ መከመርና እዚያው መመገብ፣ በማሳ የተንጠባጠበውንና የቆመውን ገለባ ጥልቅ አድርጎ ማረስ፣ ከበሽተኛ ማሳ የመጣ ገለባ ያለበትንም ፍግ ሳይብላላ ወደ ባቄላ መሬት አለመውሰድ ነው።

በጥቅምትና በኅዳር የሚታየው ጥቁረት ደግሞ ሌላ ነው። ጠራ ባለ ሌሊት ማግስት፣ በረባዳው ቦታ ብቻ፣ የላይኛው ለጋ ቅጠል የተቀቀለ መስሎ ከጠቆረ ውርጭ ነው፤ ለእርሱ የሚረጭ ነገር የለም። ያልታወቀ ምልክት ሲያጋጥም ከታመመውም ከጤነኛውም ተክል ከነሥሩ ነቅሎ፣ በላስቲክ ሳይሆን በወረቀት ጠቅልሎ፣ የተዘራበትን ቀንና የዝርያውን ስም ጽፎ በዕለቱ ለቀበሌው የግብርና ባለሙያ ማድረስ ነው። በላስቲክ የተጠቀለለ ቅጠል ለሁለት ቀን ካደረ ስለሚሻግት የትኛው ሻጋታ ከማሳ እንደመጣ፣ የትኛው በመንገድ እንደበቀለ መለየት አይቻልም።