የሐረሪ ቤት ውስጣዊ ንድፍ፦ ነደባ እንደ መቀመጫና እንደ ማኅበራዊ ሥርዓት

ሐረር ጁገል በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ስትሰፍር፣ ከ82ቱ መስጊዶችና ከ102ቱ የአውልያ መካናት ይበልጥ አስደናቂ ተብሎ የተጠቀሰው የመኖሪያ ቤቶቿ ውስጣዊ ንድፍ ነው። ይህ ለቅርስ ጥበቃ ያልተለመደ ፈተና ነው። ግንብና ሚናራ ከአደባባይ ይታያሉ፤ የቤቶቹ ውበት ግን በየቤተሰቡ እጅ፣ ከተዘጋ በር በስተጀርባ ይገኛል። ከዚህ ውስጥ ምኑ መጠበቅ እንዳለበት ለመወሰን፣ ንድፉ ምን ተግባር ይፈጽም እንደ ነበር አስቀድሞ መረዳት ያስፈልጋል።

በጠባቦቹ መተላለፊያዎች የሚያልፍ ሰው የሚያየው ከሞላ ጎደል መስኮት አልባ የሆነ የድንጋይ ግድግዳ ነው። የውጭው በር ወደ ግቢ ያስገባል፤ ማድ ቤቱም ከዋናው ቤት ተለይቶ በዚያው ይሠራል። ጫት፣ ቡናና ፍራፍሬ የሚለሙባቸው የአትክልት ቦታዎች በአመዛኙ ከግንቡ ውጭ በመሆናቸው፣ ግቢውን ከአትክልት ስፍራ ይልቅ ጣራ የሌለው ክፍል አድርጎ መመልከቱ ይቀላል።

የንድፉ ዋነኛ ቁም ነገር ያለው «ጊዲር ጋር» በሚባለው ዋና ክፍል ነው። ወለሉ አንድ ወጥ አይደለም፤ ነደባ የሚባሉ አምስት መደቦች በተለያየ ከፍታ ተሠርተውበታል። አሚር ነደባ የአባወራው ወይም የተከበረ ሽማግሌ ስፍራ ነው። ጊዲር ነደባ፣ ማለትም ትልቁ፣ እንግዶችንና ቤተሰቡን ያሰባስባል። ጢት ነደባ፣ ማለትም ትንሹ፣ በዕድሜ ወይም በማዕረግ ዝቅ ለሚሉት ነው። ሱትሪ ነደባ ስሙ እንደሚያመለክተው ከዕይታ የተከለለ ሲሆን፣ ገብቲ ኤሐር ነደባ ደግሞ ከበሩ ጀርባ ይገኛል። በአማርኛ «መደብ» የሚለው ቃል ከፍ ብሎ የተሠራ መቀመጫንም ማኅበራዊ ደረጃንም መግለጹ እዚህ ላይ ልብ ይሏል፤ በሐረሪ ቤት ሁለቱ ትርጉሞች በአንድ ወለል ላይ ተገናኝተዋል። መቀመጫው ከቤቱ ጋር አብሮ የተገነባ ስለሆነ ወዲያና ወዲህ አይባልም። የገባ ሰው የት መቀመጥ እንዳለበት የሚነግረው ሳያስፈልግ ያውቃል። ይህን ሥርዓት በናፍቆት ብቻ መመልከት ግን አይገባም፤ ሽማግሌውን የሚያከብረው ከፍታ ሌላውን ዝቅ ማለቱን በየዕለቱ ያስታውሰዋል።

ግድግዳውም ሥራ አለው። በውፍረቱ ውስጥ ገባ ብለው የተሠሩት መደርደሪያዎች መጻሕፍትና ዕቃ ይይዛሉ፤ ከበላያቸውና በዙሪያቸው ሴቶች የሚሰፏቸው ባለ ኅብረ ቀለም የስፌት ሥራዎችና ጌጠኛ ሳህኖች ይሰቀላሉ። ከበሩ በላይ የተጠቀለለ ምንጣፍ ለጋብቻ የደረሰች ልጅ በቤቱ መኖሯን ያመለክታል ይባላል። ወለሉና መደቦቹ የሚቀቡት ቀይ አፈር በ1879 ዓ.ም. በጨለንቆ ጦርነት የፈሰሰው ደም መታሰቢያ እንደሆነ ትውፊቱ ይናገራል። ለተመራማሪ ይህ ትውፊት የሚጠቅመው ስለ ቀለሙ አጀማመር ከሚናገረው ይልቅ፣ ቤተሰብ ሐዘንን በመኖሪያው ወለል ላይ ጠብቆ ማቆየቱን ስለሚያሳይ ነው።

ለውጡ አዲስ አይደለም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የሕንድ ነጋዴዎች ባለ እንጨት በረንዳ ቤቶችን ሠርተው ጌጡን ወደ ውጭ አውጥተውታል፤ ሁለቱን ያዳቀሉ ቤቶችም ተከትለዋል። የዛሬው ለውጥ ግን ወለሉን ይነካል። ሶፋ ደልዳላ ወለል ይፈልጋል፤ ተቀማጮቹንም በእኩል ከፍታ ያስቀምጣል። ቡፌ የግድግዳውን መደርደሪያ ይሸፍናል፤ ስፌቱም ከግድግዳው ወርዶ ከመስታወት ጀርባ ይገባል። መደብ ላይ መቀመጥ ለሚያስቸግራቸው አረጋውያን ወይም እኩልነትን ለሚመርጥ ወጣት ቤተሰብ ይህ ምርጫ ምክንያታዊ ነው፤ በክልከላ ብቻም የሚገታ አይመስልም።

ስለዚህ የቤቶች ቆጠራ የየነደባውን ከፍታ መለካትና ማን በየትኛው ይቀመጥ እንደ ነበር ከነዋሪዎቹ ጠይቆ መመዝገብ ይኖርበታል። በአጥር፣ በበርና በጣራ ብቻ የሚመዘግብ ቅጽ፣ ነደባዎቹ ፈርሰው ወለሉ በሲሚንቶ የተደለደለውን ቤት «ነባር ይዞታውን የጠበቀ» ብሎ ይቆጥረዋል።