የገጠሯ አጥቢያ የሚጎድላት

ቅዳሴ ቢያንስ አምስት ልዑካን ይፈልጋል። ሠራዒው ቄስ፣ ንፍቁ ቄስ፣ ሠራዒው ዲያቆን፣ ንፍቁ ዲያቆን፣ አምስተኛው መብራት ያዡ። ከአምስቱ አንዱ ከጎደለ አይቀደስም። በአዲስ አበባ አድባራት ተራውን የሚጠብቅ ካህንና ዲያቆን ሞልቶ ስለሚተርፍ ይህን ቁጥር ልብ የሚለው ምእመን ጥቂት ነው። ከመኪና መንገድ ወርዶ በእግር ሦስት አራት ሰዓት በሚያስኬድ ቀበሌ ግን ሰንበት በመጣ ቁጥር ቄሰ ገበዙ ቆጠራ ይገባል። እገሌ ታሟል፣ እገሌ ለፈተና ከተማ ወርዷል፣ እገሌ ካገባ ወዲህ ቅስና አልተቀበለም። ቁጥሩ አራት ላይ ከቆመ ሕዝቡ ኪዳን አስደርሶ ወደ ቤቱ ይመለሳል።

ይህን ማንሳቴ ያለምክንያት አይደለም። ወደ ገጠር አብያተ ክርስቲያናት የሚደረገው መንፈሳዊ ጉዞ በእኛ ዘመን ሰፊ አገልግሎት ሆኗል። ሰንበት ትምህርት ቤቶችና የጽዋ ማኅበራት አውቶቡስ ተከራይተው ሌሊት ይነሣሉ፤ በ1984 ዓ.ም. የተመሠረተው ማኅበረ ቅዱሳን «ሐዊረ ሕይወት» በሚለው መርሐ ግብሩ ምእመናንን በብዛት ይዞ ይወጣል። በአሜሪካና በአውሮፓ ያሉ አጥቢያዎች ምእመናንም ለትውልድ መንደራቸው ቤተ ክርስቲያን ገንዘብ ያሰባስባሉ። ነገሩ ለእኛ አዲስ አይደለም። በ14ኛው ክፍለ ዘመን የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት ሸዋን በየአውራጃው ተከፋፍለው ያስተማሩት በእግራቸው እየዞሩ ነበር። የዛሬው ተጓዥ ግን የሚደግፋትን አጥቢያ በበዓሏ ቀን፣ ለግማሽ ቀን ብቻ ነው የሚያያት። በዓል ደግሞ ጉድለትን ይሸፍናል፤ በንግሥ ዕለት ከጎረቤት አጥቢያ ሁሉ ካህናት ስለሚመጡ መቅደሱም ቅኔ ማኅሌቱም ይሞላል።

በዘወትር ቀን የሄደ ሰው የሚያየው ሌላ ነው። ከሕንፃው አለፍ ብላ ቤተልሔም የምትባል ትንሽ ቤት አለች፤ ብዙ ጊዜ በስተ ምሥራቅ ናት። የቅዳሴው ሥራ የሚጀምረው እዚያ ነው። አሥራ ሦስት ወይም አሥራ አራት ዓመት የሞላው ዲያቆን ሌሊት ተነሥቶ እሳቱን ያያይዛል፣ የስንዴውን ዱቄት ያቦካል፣ በኅብስቱ ላይ የመስቀል ቅርጽ አትሞ ይጋግራል። ለወይኑ ዘቢቡን በውኃ ዘፍዝፎ ይጨምቃል፤ ያጠልላል። ጢሱ ዓይኑን እያስለቀሰው፣ ምንም ሳይቀምስ፣ ይህን ሁሉ ሲጨርስ ኅብስቱ በመሶበ ወርቅ ሆኖ በቃጭል ድምፅ ታጅቦ ወደ መቅደስ ይገባል። ሕዝቡ የሚያየው ይህን የመጨረሻውን ብቻ ነው።

መገበሪያው፣ ስንዴውና ዘቢቡ፣ ከየት ይመጣል? ስንዴ የማይበቅልበት ቆላ ብዙ ነው፤ ማሽላ የሚያመርት ገበሬ ለቤተ ክርስቲያን ስንዴ በገንዘቡ ይሸምታል። ዘቢብና ዕጣን በአብዛኛው ከገበያ የሚገዙ ናቸው፤ ገበያው ደግሞ ሩቅ ነው። ዋጋቸው ሲንር የከተማው ምእመን በቡናው ላይ ዕጣን ይቀንሳል፤ የገጠሩ ቄሰ ገበዝ ግን ከቅዳሴው ሊቀንስ አይችልም። ከየአባወራው የሚዋጣው እፍኝ እህልና ጥቂት ብር በቅድሚያ የሚሄደው ለእነዚህ ነው። ለካህኑ የሚተርፈው ምን እንደሆነ መገመት አያስቸግርም።

ቀድሞ ካህኑ በሰሞን መሬት ይተዳደር ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት መሆኑ ሲታወጅ ቤተ ክርስቲያን ያን መሬት አጣች። ከዚያ በፊት በ1965 ዓ.ም. የወጣው ቃለ ዓዋዲ አጥቢያዎች በሰበካ ጉባኤ ተደራጅተው በምእመናን አስተዋጽኦ እንዲተዳደሩ ደንግጎ ነበርና ቤተ ክርስቲያን ሙሉ በሙሉ ባዶ እጇን አልቀረችም። በከተማ ይህ አሠራር ደመወዝ የሚከፍል አስተዳደር አቋቁሟል። በገጠር ግን የሰበካ ጉባኤው አባላት ራሳቸው ድሆች ናቸው። ስለዚህ ቄሱ እንደ ማንኛውም ገበሬ ያርሳል፤ ሌሊት ሰዓታት ቆሞ ጠዋት ሞፈር ይሸከማል። እንዲህ ያለ ካህን ደመወዝ የለኝም ብሎ ቤተ ክርስቲያኑን ጥሎ ሲሄድ አላየሁም። የሚሄዱት ልጆቹ፣ ዲያቆናቱ፣ ናቸው።

የነገሩ መቋጠሪያ ይኸው የዲያቆናቱ መሄድ ነው። ዲያቆን የሚገኘው ከአብነት ትምህርት ቤት ነው። ልጁ ከየኔታ እግር ሥር ፊደል ቆጥሮ፣ ዳዊት ደግሞ፣ ሥርዓተ ቅዳሴውን ከእነዜማው አጥንቶ ነው ከጳጳስ ክህነት የሚቀበለው። የቅዳሴ ዜማ ምስክር የሆኑት ሁለቱ ታላላቅ ቦታዎች፣ በትግራይ ደብረ ዓባይና በወሎ ሰለልኩላ፣ ስማቸው በመላ አገሪቱ የሚጠራው ደቀ መዛሙርት እዚያ ተምረው በየገጠሩ ስለተበተኑ ነው። ዛሬ ግን የሩቁ አጥቢያ የኔታ ሲያርፉ ወንበራቸውን የሚተካ ይጠፋል። የተማሩት ልጆችም ለዘመናዊ ትምህርት ወይም ለእንጀራ ከተማ ይገባሉ፤ አንዱ ጥበቃ ይቀጠራል፣ ሌላው ሎተሪ ያዞራል። እነርሱን መውቀስ አይገባም። የኔታን የሚቀልባቸው ካለ፣ ለተማሪዎቹም ማደሪያና ልብስ ከተገኘ በአጥቢያው የሚቀረው ልጅ ብዙ ነው።

አንዲት አጥቢያ ስትዳከም የሚደርሰውን ከሁሉ በፊት የምታውቀው እናት ናት። ወንድ ልጇን በአርባ ቀን፣ ሴት ልጇን በሰማንያ ቀን ክርስትና ለማስነሣት አራስነቷ ገና ሳይወጣላት ሕፃኑን ታቅፋ ወደ ሩቅ ደብር ትጓዛለች። ለሞተ ሰው ፍትሐት የሚያደርስ ካህን ከሌላ ቀበሌ ይጠራል። ጎልማሳው ቀስ በቀስ መሳለሙን ይተዋል።

እኛ ተጓዦቹ ታዲያ ምን ይዘን እንሄዳለን? በአንድ የገጠር ዕቃ ቤት ገብቼ ያየሁትን ልናገር። ግድግዳው ሥር ጃንጥላ ተደርድሯል፣ መጋረጃ እስከ ጣሪያ ተከምሯል፣ ያልተፈታ ምንጣፍ ተጠቅልሎ ቆሟል፤ ሁሉም የስእለት ነው። በዚያው ቤት የነበረው መጽሐፈ ቅዳሴ ግን ቅጠሉ እየተገነጠለ በክር ተሰፍቷል፣ ግጻዌ የለም። ስእለት የሰጪው ፈቃድ ነውና አልነቅፍም። ነገር ግን ጃንጥላ የሚያየው ሰው ብዙ ስለሆነ ነው የበዛው፤ ዘቢብ አይታይም።

ሌላም አለ። እንግዳ ሲመጣ ባዶ አፉን አይሸኝም የሚለው የአገራችን ወግ በድሃ አጥቢያ ላይ ሸክም ነው። ሁለት አውቶቡስ ሰው ለማስተናገድ የሚጠመቀው ጠላ፣ የሚጋገረው እንጀራና ዳቦ ከዓመቱ እህል ላይ የሚነሣ ነው። ስንቅን ይዞ መሄድ፣ ቢቻልም ለመንደሩ ሰው አስተርፎ መሄድ፣ ከልግስና በፊት የሚመጣ ግዴታ ይመስለኛል።

በደቡብና በምዕራብ ጠረፍ ላሉት አጥቢያዎች ደግሞ የቋንቋ ነገር አለ። ከጎጃም ወይም ከጎንደር የተላከ ካህን የአካባቢውን ቋንቋ እስኪለምድ ዓመታት ያልፋሉ፤ ሙቀቱና ወባው ሲጠናበት ይመለሳል። እዚያው ተወልዶ፣ በእናቱ ቋንቋ ወንጌል መስበክ የሚችል አንድ ዲያቆን ከሌላ ቦታ ከተላኩ ብዙ ካህናት ይበልጣል። ለእንዲህ ያለ ልጅ የሥልጠና ወጪ መሸፈን ከማንኛውም ሕንፃ የሚቀድም ስብከተ ወንጌል ነው ብዬ አምናለሁ።

ስለዚህ ለሚቀጥለው ጉዞ የምትዘጋጁ እኅቶችና ወንድሞች፣ አውቶቡስ ከመከራየታችሁ በፊት ወደምትሄዱበት አጥቢያ ሰበካ ጉባኤ ደውላችሁ ሦስት ነገር ጠይቁ። ስንት ዲያቆን አላችሁ? የሚያስተምሩት የኔታ ማን ናቸው፣ በምን ይኖራሉ? የዓመቱ መገበሪያና ዕጣን ምን ያህል ይፈጃል? መልሱን ስትሰሙ የማኅበራችሁን ገንዘብ በምን ላይ እንደምታውሉት አትቸገሩም። አቅማችሁ ለአንድ ነገር ብቻ ከሆነ የየኔታን የዓመት ቀለብ ሸፍኑ፤ በሚቀጥለው ዓመትም አትተዉት።