ሲሄዱ የሚረዝም፣ ሲመለሱ የሚያጥር መንገድ

አንዲት እናት በዋሺንግተን የሚኖረውን ልጃቸውን ለመጠየቅ ከአዲስ አበባ በአይሮፕላን ተሳፈሩ። ልጁ ባለፈው ዓመት ወደ አገሩ ሲመጣ የበረረው 13 ሰዓት ያህል ብቻ ነበርና፣ እናቱም በዚያው ልክ የሚደርሱ መስሎት ሰዓት ሲቈጥር አደረ። 13ኛው ሰዓት አልፎ ወሬ ቢያጣ ልቡ ተሸበረ። እናቱ ግን በደኅና ነበሩ፤ አይሮፕላኑ በመንገድ አርፎ ነዳጅ ሲቀዳ ተቀምጠው ይጠብቁ ነበር።

ለመሆኑ አንዱ መንገድ ሲሄዱበትና ሲመለሱበት ስለ ምን ይለያያል?

በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው የአየር ርቀት 11,500 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ይኸውም ከምድር ዙሪያ ከሩብ የሚበልጥ ነው። ትልቅ የመንገደኛ አይሮፕላን በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሚበር፣ ርቀቱን ለፍጥነቱ ብናካፍለው ወደ 13 ሰዓት ይጠጋል። ነገር ግን ሁለት ምክንያቶች ይህን ሒሳብ ያፋልሱታል።

የመጀመሪያው የአገራችን ከፍታ ነው። የቦሌ አይሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ይገኛል። በእንዲህ ያለ ደጋ አየሩ ስስ ነው፤ ስለዚህም ክንፉን ደግፎ የማንሣት ኀይሉ ያንሳል፤ የሞተሩም ግፊት ይቀንሳል። አይሮፕላኑ ለሩቅ መንገድ የሚበቃ ነዳጅና ሙሉ ጭነት ይዞ ለመነሣት ስለሚቸገር፣ ነዳጁን ቀነስ አድርጎ ተነሥቶ በመንገድ መሙላቱ የተለመደ ሆኖ ኖሯል። በዋሺንግተን አጠገብ ያለው የደለስ ማረፊያ ከፍታ ግን 100 ሜትር እንኳ አይሞላም። ከዚያ የሚነሣው አይሮፕላን የሚበቃውን ነዳጅ ይዞ ሳያርፍ አዲስ አበባ ይደርሳል።

ሁለተኛው ነፋስ ነው። አይሮፕላኖች በሚበሩበት ከፍታ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍስ ብርቱ ነፋስ አለ፤ ፍጥነቱም አንዳንድ ጊዜ በሰዓት ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ይሆናል። ወደ አሜሪካ የሚሄደው ወራጅ ውኃን ተቃውሞ እንደሚዋኝ ሰው ይደክማል፤ የሚመለሰው ግን ከወራጁ ጋር እንደሚዋኝ ይቀለዋል። ስለዚህ መሄጃው ከማረፊያው ጋር 17 ሰዓት ያህል ሊፈጅ ይችላል።

የሰዓት ልዩነትም አለ። ዋሺንግተን በብርድ ወራት 8 ሰዓት፣ በሙቀት ወራት 7 ሰዓት ከእኛ ወደ ኋላ ይቀራል። በብርድ ወራት ማታ በ4 ሰዓት ከቦሌ የተነሣ መንገደኛ ከ17 ሰዓት በኋላ ሲደርስ፣ በእኛ አገር ከቀኑ 9 ሰዓት ሲሆን በዚያ ገና ጧት 1 ሰዓት ነው።

እንግዲህ ወላጆቻችሁን ወደ ሩቅ አገር የምትሸኙ ሁሉ ይህን አስቀድማችሁ አስረዷቸው። በመካከል የሚታረፍበትን ስፍራ ንገሯቸው፤ ያለዚያ የደረሱ መስሏቸው ሊወርዱ ይችላሉ። መድኀኒታቸው በሻንጣ ተጭኖ እንዳይርቃቸው በእጅ ቦርሳቸው ይሁን፤ ሰዓት ጠብቀው የሚወስዱት ከሆነም ከጉዞው በፊት ሐኪማቸውን ጠይቁላቸው። ብዙ ሰዓት ሳይንቀሳቀሱ መቀመጥ በእግር ሥር ደም እንዲረጋ ሊያደርግ ስለሚችል፣ ውኃ እየጠጡ አልፎ አልፎ ተነሥተው እንዲራመዱ ምከሯቸው። የሚቀበላቸውም ልጅ የመድረሻውን ሰዓት በራሱ አገር አቈጣጠር ይወቅ፤ ያን ጊዜ እናት በመንገድ፣ ልጅም በደጅ ሆነው በከንቱ አይጨነቁም።