መርካቶ ያዋጣችው መንገድ

አዲስ አበባ ለጉራጌ ሰው ሩቅ ሆና አታውቅም፤ ሩቁ አገር ቤቱ ነበር። ከመርካቶ ተነስቶ ወልቂጤ ለመድረስ በጣልያን ዘመን የተዘረጋው የጅማ መንገድ አለ፤ መኪናም አይጠፋም። ከወልቂጤ ወደ ጉብሬ፣ ወደ እንድብር፣ ወደ አገና ለሚዘልቅ ግን ጉዞው በእግር አለበለዚያ በበቅሎ ነበር። ክረምት ሲገባ ወንዙ ይሞላል፣ ጭቃው ጉልበት ይውጣል። ለመስቀል አገሩ የሚገባው ነጋዴ ዕቃውን በጭነት ከብት ያጓጉዝ ነበር፤ ምጥ የጸናባት ሴት በቃሬዛ ትወጣ ነበር።

በ1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የተቋቋመው የጉራጌ የመንገድ ሥራ ድርጅት የተነሳው ይህን ችግር ይዞ ነው። መሥራቾቹ ሥራ ፍለጋ ከተማ የገቡ ሰዎችና ልጆቻቸው ነበሩ። የጉራጌ ፍልሰት ወደ አዲስ አበባ የጀመረው በምኒልክ ዘመን ነው፤ ግብር በጥሬ ገንዘብ ይጠየቅ ጀመር፤ እንሰት ደግሞ ቤተሰብ ያጠግባል እንጂ ገንዘብ ይዞ አይመጣም። ወጣቱ በቀን ሥራ፣ በተሸካሚነት፣ በሊስትሮነት ጀምሮ ቀስ በቀስ ሱቅ ከፈተ። በሃምሳዎቹ ግድም ከመካከሉ ባለጸጋ ነጋዴዎች፣ የጦር መኮንኖችና የመንግሥት ሠራተኞች ወጥተው ነበር። እነዚህ ሰዎች ሲሰበሰቡ የሚያገናኛቸው እድርና ዕቁብ ነበር። ድርጅቱ ያንኑ ልማድ ወደ ቡልዶዘር አሸጋገረው ማለት ይቻላል።

ከእሱ ጎን ለጎን የሶዶ ጉራጌዎች የጀመሩት ሌላ ማኅበር ነበር፤ ዓላማው ከዓለምገና ተነስቶ በቡታጅራና በሆሳዕና በኩል ወላይታ ሶዶ የሚደርስ መንገድ መክፈት ነው። የዚህኛው ብልሃት ይገርመኛል። መንገዱ የሚያልፈው በብዙ ሕዝቦች መሬት ስለሆነ፣ ማኅበሩ በሶዶ ጉራጌዎች ብቻ ተወስኖ ቢቀር ኖሮ የትም አይደርስም ነበር። ስለዚህ በመንገዱ መስመር ያሉትን ሁሉ አባል አድርጎ አቀፈ። የማኅበረሰብ ጥናት ምሁሩ ፈቃዱ ገዳሙ የዶክትሬት ጥናታቸውን የሠሩት በዚሁ ማኅበር ላይ ነው፤ የከተማና የገጠር ትስስር እንዴት እንደሚጠበቅ ለማየት የመረጡት ምሳሌ እሱ ነበር።

የማኅበራቱ አሠራር ሁለት እግር ነበረው። አንዱ እግር ከተማ ነው፤ በየትውልድ መንደሩ የተደራጀው ነዋሪ እንደ አቅሙ ያዋጣል፣ ቢሮ ያውቃል፣ ደብዳቤ ይጽፋል፣ በ1943 ዓ.ም. የተቋቋመውን የአውራ ጎዳና ባለሥልጣንን ደጅ ይጠናል። ሁለተኛው እግር ገጠር ነው፤ ገበሬውም ከኪሱ ያወጣል፣ መሬቱ በመንገዱ ሲነካ ይስማማል። ሁለቱን የሚያስተሳስር ገመድ ባይኖር የከተማው ገንዘብ ብቻውን አንድ ኪሎ ሜትር አይከፍትም ነበር።

ገመዱ የአገር ቤቱ ሥርዓት ነው። ሰባት ቤት ጉራጌ የጆካ የሚባል የሽማግሌዎች ሸንጎና ቂጫ የሚባል ያልተጻፈ ሕግ አለው፤ የሶዶ ክስታኔም ጎርደና ሴራ የሚባል የራሱ ሕግ አለው። ሸንጎው የበየነውን እምቢ ያለ ሰው ከጎረቤት ይገለላል፤ እሳት የሚጫጫረው አያገኝም፤ ሲሞትበትም የሚቀብርለት ይቸግረዋል። እንዲህ ባለ አገር ሽማግሌ የያዘውን መዋጮ መሸሽ ቀላል አይደለም። ይህን ያልኩት ለማድነቅ ብቻ አይደለም፤ ከልብ የሰጠና ፈርቶ የሰጠ በአንድ መዝገብ ላይ አብረው ሰፍረዋል።

ደግሞም ጉራጌ ስለ መንገድ የሚነግረው ሰው አያስፈልገውም ነበር። የመንደሩ ልብ ጀፎረ ነው። ጀፎረ ሣር የለበሰ፣ እጅግ ሰፊ የጋራ ጎዳና ነው፤ ሳር ክዳን ጎጆዎቹ ግራና ቀኝ ፊታቸውን ወደ እሱ አዙረው ይሰለፋሉ፤ እንሰቱ ከጓሮ ነው። ሰርጉም ለቅሶውም እዚያ ነው፣ የሽማግሌ ዳኝነትም እዚያ፣ የመስቀል ደመራም እዚያ። አጥሩን አንድ ክንድ ወደ ጀፎረ የገፋ ሰው በሕጉ ይጠየቃል። መሬት እንዲህ በተጣበበበት አገር፣ ለእርሻ የሚሆን ለም ቦታን ማንም እንዳይነካው አድርጎ ለትውልድ ማቆየት ትልቅ ነገር ነው። የጋራ መንገድ የግል ይዞታን ያሸንፋል የሚለውን ሐሳብ መሐንዲስ ሳይመጣ ነው የተማሩት።

በዚያው ዘመን ሌሎችም በዚህ ዓይነት መንገድ ተሰባስበዋል፤ በ1955 ዓ.ም. የተመሠረተው የሜጫና ቱለማ ማኅበር መንገድ፣ ትምህርት ቤትና ክሊኒክ ለመሥራት ተነስቶ፣ ፖለቲካው ከፍ ሲል ከጥቂት ዓመታት በኋላ ታገደ። የጉራጌው ድርጅት ከመንገድ ብዙም ሳይርቅ ስለቆየ ይመስለኛል የንጉሡን ዘመን በሰላም ያለፈው። ከጊዜ በኋላ ፊቱን ወደ ትምህርት ቤትና ወደ ጤና አዞረ፤ የጉራጌ ሕዝብ ራስ አገዝ ልማት ድርጅት በሚል ስም ብዙ ዓመት ሠራ፤ ዛሬ የጉራጌ ልማትና ባህል ማኅበር፣ በአጭሩ ጉልባማ፣ ይባላል።

መንገዱ ያመጣው ሁሉ መሥራቾቹ ያለሙት ነው ለማለት አልደፍርም። የባሕር ዛፍ አጣናና የጉራጌ ጫት በየቀኑ እየተጫነ ወደ አዲስ አበባ ይወጣል፣ ቆጮውም መርካቶ ይደርሳል። ወጣቱም በዚያው መኪና ይወጣል፤ ለመመለስ ታስቦ የተሠራው መንገድ መሄድንም አቅልሏል። በአንጻሩ ለመስቀል ከተማው ባዶ ሲሆን፣ አገር ቤት የሚገባው ሕዝብ ብዛት የመንገዱን ጥቅም ያሳያል።

ለእንዲህ ዓይነት ማኅበራት የሚከብደው ጥገና ነው። አዲስ መንገድ ለመክፈት ገንዘብ ይገኛል፤ ምርቃት አለ፣ ስም የሚጠራበት መድረክ አለ። ቦይ ለመጥረግና ጎርፍ የቦረቦረውን ጠጠር ለመሙላት ግን ከመርካቶ ብር የሚልክ ጥቂት ነው። ዋና ዋናዎቹ መስመሮች ለመንግሥት ተላልፈው አስፋልት በመልበሳቸው ተገላገሉ። በየቀበሌው የሚገቡት ቅርንጫፎች ግን ክረምት በመጣ ቁጥር ጎረቤትን ከነአካፋው ይጠራሉ።